በናዝሬትና በወንጂ መካከል የነዳኋት ሱዙኪ ኤ 100፤ እናንተስ ምን ነበራችሁ?

የወንጂው መምህር፦

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው ሳምንት በፍራንኮ አካባቢ በእግሬ ስሄድ ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ሳላስበው አቆመኝ። የዛሬዎቹ ሞተር ሳይክሎች የሚያሰሙት ወፍራም ጉርምርምታ አልነበረም፤ ቀጭንና ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳ፣ ነጂው ነዳጅ መስጠቱን ሲተው ደግሞ ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ የሚንጣጣ ድምፅ ነበር። ዘወር ብዬ ሳላይ ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታም ከነፋሱ ጋር ደረሰኝና ጥርጣሬዬን ጨርሶ አጠፋው። ሱዙኪ ኤ 100 ነበር፤ እኔም በዘመኔ የነበረኝ።

የእኔን የገዛሁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማችን ናዝሬት ትባል ነበር፤ እኔም እዚሁ እየኖርኩ ወንጂ አስተምር ነበር። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ ሲሸጥልኝ ያወጣሁት ገንዘብ የሰባት ወር ደመወዜን ያህል ስለነበር፣ ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በትልቁ ልጃችን በኩል ብቻ ነበር። የወንጂ ተማሪዎቼ ግን በመጀመሪያው ቀን «ጥንዚዛ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም እስከ መጨረሻው አብሯት ቆየ።

ጥንዚዛ 98 ሲሲ ብቻ ነበረች። የሲሊንደሯ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞም እንዲሁ 50 ሚሊ ሜትር፣ ማርሾቿም አራት። ለማያውቃት ሰው የምታስገርመው ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተሯ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ከሲሊንደሩ ኋላ ስለማይታይ፣ አዳዲስ መካኒኮች ጎንበስ ብለው ሲፈልጉት እኔ ዝም ብዬ መሳቅ እወድ ነበር። ካርቡራተሩ በሞተሩ ቀኝ ጎን፣ በክዳን ውስጥ ተሸሽጎ ነው ያለው፤ ምክንያቱም የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ የሚያስገባው ከኮሎው (የፒስቶኑን ምልልስ ወደ ዙር ከሚለውጠው ዘንግ) ጋር አብሮ የሚዞር፣ በአንድ በኩል የተቆረጠ ክብ ሳህን ነውና ነው። ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠለው ዘይት ለብቻው በራሱ ማጠራቀሚያ ይቀመጥና ትንሽ ፓምፕ እየመጠነች ወደ ሞተሩ ታደርሰው ነበር። ነጂው የሚጠበቅበት የዘይቱን ልክ ማየት ብቻ ነው።

ወንጂ ከናዝሬት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ስሄድ መንገዱ ወደ አዋሽ ሸለቆ ስለሚያዘቀዝቅ እንደ ንጉሥ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ግን የናዝሬት ነፋስ ፊት ለፊት ይመጣና፣ ጠዋት በአራተኛ ማርሽ የሄደችው ጥንዚዛ በሦስተኛ ብቻ፣ እኔም ደረቴን ታንከሩ ላይ አስተኝቼ እንገባ ነበር። ሸንኮራው በሚቃጠልበት ወቅት ጥቁሩ ብናኝ ነጭ ሸሚዜ ላይ ያርፋል፤ ከፋብሪካው የሚወጣው የሞላሰስ ሽታ ከጥንዚዛ ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬ ያ ሽታ በጠርሙስ ቢሸጥ የምገዛ ሰው ነኝ።

በ1981 ዓ.ም. የዘይቷ ፓምፕ ተበላሸች። መለዋወጫ ስላልተገኘ አንድ መካኒክ ፓምፗን አውጥቶ ቀዳዳውን ደፈነውና ከዚያ ወዲያ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በእጄ እንድቀላቅል ነገረኝ፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን 200 ሲሲ ዘይት፣ ማለትም አንድ ለ25። መለኪያ ስላልነበረኝ የትንሿን ልጄን ጡጦ ወሰድኩ። በጎኑ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት ስለነበር ከእሱ የተሻለ መለኪያ በናዝሬት አይገኝም ነበር፤ ባለቤቴ ያለችኝን ግን እዚህ አልጽፈውም።

በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአሰላ ስመለስ፣ ከኢተያ ወደ ዴራ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ሞተሯ በድንገት ቀጥ አለ። የኋላው ጎማ ተቆልፎ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ ሳለ እጄ ፍሪሲዮኑን ስለያዘው ከመውደቅ ተረፍኩ። ስንዴ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና እኔንም እሷንም ጭኖ ናዝሬት አደረሰን። ሲሊንደሩ ተቧጥጦ፣ ፒስቶኑ ተልጦ ነበር። ያ መካኒክ ያዘዘልኝ የድብልቅ መጠን የተሳሳተ ነው ብዬ ተጣላሁት፤ እስከ ዛሬም ጥንዚዛን የገደላት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ተጠገነች፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሸጥኳት።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለች ትንሽ ባለ ሁለት ምት (ፒስቶኗ አንዴ በወጣና በወረደ ቁጥር የምታቀጣጥል)፣ በተለምዶ ቱ ስትሮክ የምንላትን፣ የነዳ ካለ ትዝታውን ያካፍለን።

የጃዋ ወዳጅ፦

መምህር፣ ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የእኔ ጃዋ 350 ስለነበረች «ትንሽ» በሚለው ርዕስ ውስጥ መግባቴ ያጠራጥራል፤ ግን ሁለት ሲሊንደር ያላት ባለ ሁለት ምት ናትና አታስወጡኝ። ጃዋ የሚለውን ስም ብዙ ሰው የጃፓን ይመስለዋል። ኩባንያው በ1929 እ.ኤ.አ. በቼኮዝሎቫኪያ ሲመሠረት ያኔቼክ ከሚባለው ባለቤቱና ሞዴሉ ከተገዛበት ቫንደረር ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ የወጣ ስም ነው።

የጃዋ ነጂ ከሌላው ነጂ የሚለየው በግራ እግሩ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው መርገጫና ማርሽ የሚቀይረው መርገጫ አንድና ያው ነው፤ ወደ ውስጥ ገፍተው ወደ ላይ ሲያዞሩት ማስነሻ ይሆናል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ፊት መልሰው ማርሽ ያስገቡበታል። ለመዋስ የመጣ ሰው ሁሉ ማስነሻውን በቀኝ በኩል ሲፈልግ ቆይቶ አፍሮ ይመልሳት ስለነበር፣ ሌባም ዘመድም አልደፈራትም።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። በወጣትነቴ ድምፅዋ እንዲጎላ ብዬ ከማርሚታዎቿ (ከጭስ ማውጫዎቿ) ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ቱቦ አውጥቼ ጣልኩት። ድምፁ ከመብራት ኃይል እስከ ገንደ ጋራ ተሰማ፤ ጉልበቷ ግን ቀነሰ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የገንደ ጋራ ልጅ፦

እኔ ራሴ ነድቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ያደግሁት በአባቴ ቬስፓ ላይ ቆሜ ነው። ቆሜ ማለቴ በትክክል ቆሜ ነው፤ በአባቴ ጉልበቶችና በመሪው መካከል ባለው ወለል ላይ፣ አፍንጫዬን ከመብራቱ ኋላ አስጠግቼ። ወንድሜ ከኋላ ይቀመጣል፤ እናቴ ግን አንድም ቀን አልወጣችባትም፤ «ባለ ሁለት እግር ከብት አልነዳም» ትል ነበር።

ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው፤ አባባ ይህን የነገረኝ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ቤንዚን ሲቀዳ ዘይቱን ለክቶ ካፈሰሰ በኋላ ሁለታችንን ግራና ቀኝ አቁሞ ታንከሩ እንዲናጥ ቬስፓዋን እንድናወዛውዛት ያደርገን ነበር። «ወተት ሳይናጥ ቅቤ አይወጣም፤ ዘይትም ሳይናጥ ቤንዚን አይገባም» የሚላት አባባል የራሱ ፈጠራ ነበረች።

ከሁሉ የማልረሳው የእሑድ ጠዋቱ ነው። እናቴ ቡና ስትቆላ አባባ ካንዴላውን (የሞተሩን ብልጭታ ሰጪ) ፈትቶ ይመጣና ከምጣዱ አጠገብ ይቀመጣል። የካንዴላው ጫፍ ከሚቆላው ቡና ጋር ይነጻጸራል። ወደ ነጭ ካደላ «ገና አልበሰለም፣ ሞተሩ ተርቧል» ይላል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ «አርሯል፣ ጠግቧል» ይላል፤ ልክ እናቴ ምጣዱን የምታወርድበት ዓይነት ቡናማ ከሆነ ግን ስኒ ይዞ ይቀመጣል። እናቴ የቤንዚን ሽታ ያለው ነገር ከቡናዋ አጠገብ በመምጣቱ ስትነጫነጭ ዕድሜዋን ጨረሰች።

ካንዴላ፦

ስሜን ካያችሁ ሥራዬን ትገምታላችሁ። በሞተር ሳይክል ጥገና ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ስለዚህ የጃዋ ወዳጅን ጥያቄ ልመልስና ከዚያ መምህርን አንድ ነገር ልጠይቅ።

እንደ እነዚህ ባለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲሊንደር ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለም። አዲሱ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበትም የተቃጠለው የሚወጣበትም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀደዱ መስኮቶች ናቸው፤ በር ጠባቂያቸው ፒስቶኑ ራሱ ነው። ሁለቱ መስኮቶች አንድ ላይ የሚከፈቱበት ቅጽበት ስላለ፣ ገና ያልተቃጠለ ድብልቅ ከተቃጠለው ጋር ተከትሎ ወደ ማርሚታው ያመልጣል። ማርሚታው በትክክል ከተሠራ ግን በውስጡ የሚመላለሰው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ማርሚታ በአብዛኛው ድምፅ ለማፈን ነው፤ በእኛዎቹ ላይ ግን የሞተሩ አካል ነው። የጃዋ ወዳጅ፣ እርስዎ የጣሉት ቱቦ ሳይሆን የጉልበትዎን ክፋይ ነበር።

ይህን ጥበብ እስከ ጫፍ ያደረሰው በምሥራቅ ጀርመን የኤም ዜድ ሞተር ሳይክል ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ካደን ነው። ለኤም ዜድ ይወዳደር የነበረው ኤርንስት ዴግነር በ1961 እ.ኤ.አ. ከስዊድኑ ውድድር ሳይመለስ ከድቶ ቀረና ያወቀውን ለሱዙኪ ይዞ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት በ1962 በ50 ሲሲ ምድብ ለሱዙኪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የመምህርን ጥንዚዛ የሠራው ኩባንያ የባለ ሁለት ምትን ጥበብ ያካበተው በከፊል በዚህ መንገድ ነው። መነሻውን ካነሳን ደግሞ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣችው የጀርመኗ ዲ ካ ቬ አር ቲ 125 የብዙዎቹ እናት ናት፤ የእንግሊዙ ቢ ኤስ ኤ ባንታምም በ1955 የተሠራችው የያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክልም የእሷ ቅጂዎች ናቸው።

አሁን ወደ መምህር ልመለስ። አንድ ለ25 የሚለው መጠን ለዚያ ዘመን ዘይት ደህና ነበር፤ እንዲያውም ቢያጨስ እንጂ ሞተር ቀጥ እንዲል አያደርግም። ስለዚህ መካኒኩን ከመፍረድዎ በፊት ይንገሩኝ፦ ከኢተያ ሲወርዱ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ነበር ወይስ በባዶ? የቤንዚኑ መክፈቻስ ክፍት ነበር?

የወንጂው መምህር፦

ጥያቄዎ አስደንግጦኛል፤ ምክንያቱም መልሱን በደንብ አስታውሳለሁ። በዚያ ዘመን ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ረጅም ቁልቁለት ባጋጠመኝ ቁጥር የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቼ የመውረድ ልማድ ነበረኝ። ከኢተያ በታችም ዘግቼው ነበር። ሞተሩ ግን ማርሽ ውስጥ ነበር፤ ፍሬኖቿ ደካሞች ስለነበሩ በባዶ መውረድ አልደፍርም ነበር። ይህን ያደረግሁት ግን በዚያ ቀን ብቻ አይደለም፤ ከገዛኋት ጊዜ ጀምሮ ለዓመታት እንዲያ አድርጌ አንድም ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

ካንዴላ፦

መምህር፣ የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። ለዓመታት ችግር ያልገጠመዎት ፓምፗ ስለነበረች ነው። ፓምፗ የምትዞረው በሞተሩ ስለነበረ ቤንዚን ቢዘጋም ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዘይት ታደርስ ነበር። ፓምፗ ከወጣች በኋላ ግን ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ብቻ ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ድብልቅ እንዳለቀ፣ ቁልቁለቱ እያሽከረከረው በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞረው ሞተር አንዲት ጠብታ ዘይት አላገኘም። ቤንዚኑን ሲዘጉ ዘይቱንም አብረው ዘጉት ማለት ነው። ፒስቶኑ በሙቀት ሰፍቶ፣ አልሙኒየሙ በብረቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ እኛ «ነከሰ» የምንለው ነገር ደረሰ።

ያ መካኒክ ጥፋት ካለበት አንድ ብቻ ነው፤ ፓምፗን ሲያወጣ «ከእንግዲህ በቁልቁለት አትዝጉ፤ በየመቶ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ ነዳጅ ስጧት» ብሎ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። ምናልባት እርስዎ እንደሚዘጉ አላወቀ ይሆናል።

ንጹሕ አየር፦

ትዝታችሁን ላደበዝዝ አልፈልግም፤ ግን ስለነዚህ ሞተሮች ሲወራ የሚረሳ ነገር አለ። ካንዴላ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ከሚገባው ድብልቅ ውስጥ ሳይቃጠል የሚያመልጥ አለ፤ እስከ ሲሶ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ዘይቱ አብሮ ይቃጠላል። አዳማ ውስጥ ባለ ሁለት ምት ባጃጆች በበዙበት ጊዜ አስም ያለባት እህቴ ከሰዓት በኋላ መስኮት መክፈት አትችልም ነበር። የመምህር ሽታ በጠርሙስ ቢሸጥ፣ እኛ ቤት አይገባም።

የአሰላ መንገድ፦

እኔ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ በአርሲ ገጠሮች የዞርኩባት ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። «ኤጂ» ግብርና የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ማሳጠሪያ ሲሆን፣ በእርግጥም ለገበሬ የተሠራች ነበረች፦ ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በክዳን የተሸፈነ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት፣ በግራም በቀኝም የምትቆምበት እግር ያላት። የሁለቱ እግሮች ጥቅም ያልገባው ሰው ዳገት ላይ ሞተር አቁሞ የማያውቅ ነው። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶሉብ የሚለው የዘይት ፓምፕ ስለነበረው እኔ በጡጦ አልለካሁም።

ስለ ከፍታ የተባለ ነገር ስለሌለ ልጨምር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አሥረኛው ይቀነሳል፤ ስለዚህ ጃፓኖቹ አሥር የፈረስ ጉልበት ያሏት ሞተር አሰላ ስትደርስ ስምንት የማትሞላ ሆና ትገባለች። ከዚያ የባሰው ግን አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን እንደዚያው ማፍሰሱ ነው። ጎንዴን ሳልፍ ሞተሬ መንተባተብ ይጀምራል፤ ካንዴላው ሲፈታ የገንደ ጋራ ልጅ አባት «አርሯል» የሚሉት ዓይነት ጥቁር ነው። እኔ ሁለት ጄት (ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚመጥንበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ነበረኝ፤ ትልቁ ለቆላ፣ ትንሹ ለደጋ። አሰላ ከሰነበትኩ ትንሹን አስገባለሁ፤ ወደ ቆላ ስወርድ የረሳሁት እንደሆነ ደግሞ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ይግላል። ኩሉምሳ አጠገብ በጥፍሬ ይዤ ስቀይረው ሣር ውስጥ የወደቀብኝን ጄት ሁለት እረኞች ከግማሽ ሰዓት ፍለጋ በኋላ አገኙልኝ፤ የሰጠኋቸውም ብስኩት ነበር።

መምህርን አታስጨንቋቸው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ያልዘጋ የዚያ ዘመን ነጂ ካለ እጁን ያውጣ።

የወንጂው መምህር፦

ካንዴላ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድን ሰው በልቤ ስከሰው ኖሬአለሁ፤ የሚያሳፍረው ደግሞ ክሱ በልብ ብቻ አለመቅረቱ ነው። ሲሊንደሩን በቶርኖ ቤት አሰፍቶ 0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስቶን ያስገባልኝ ያው መካኒክ ነበር፤ እኔም «አንተ ያበላሸኸውን አንተ አስተካክል» ብዬ ከተስማማነው ዋጋ ላይ 20 ብር ቀነስኩበት። አልተከራከረኝም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሁን መምህር» ብቻ አለኝ። ከናዝሬት ወጥቶ ወደ ድሬዳዋ ሄዷል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን አላገኘሁም።

ንጹሕ አየር፣ እርስዎም እውነትዎን ነው። ልጆቼ አስም ስላልነበራቸው ጭሱን በናፍቆት አስባለሁ፤ ቢኖራቸው ኖሮ ሌላ እጽፍ ነበር። እህትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ እላለሁ።

አዲሱ ባለቤት፦

ጋሼ መምህር፣ ጽሑፉን ያነበብኩት በአጋጣሚ አይደለም፤ «ሱዙኪ ኤ 100» ብዬ ስፈልግ ነው ያገኘሁት። አጎቴ ሲያርፍ በግቢው ዕቃ ቤት ውስጥ አንዲት ኤ 100 ትቶልኛል። ከተነሳች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማስነሻ መርገጫዋን ስረግጥ አይወርድም፤ እንደ ድንጋይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ማርሽ አስገብተን በባጃጅ ብንጎትታት ይለቃል አለኝ። እስከ ነገ እንዳንጎትታት የሚከለክለኝ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ካንዴላ፦

አትጎትቷት! ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ በጉልበት ስትጎትቱት ይሰበርና ስብርባሪው በመስኮቶቹ ተይዞ ሲሊንደሩን ያበላሸዋል። ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለህ አፍስስ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ተዋት። ከዚያም በመርገጫው ሳይሆን፣ ማርሽ አራተኛ አስገብተህ የኋላውን ጎማ በእጅህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ነቅንቀው።

ከተላቀቀች በኋላም ለማስነሳት አትቸኩል። በኮሎው ሁለት ጫፎች ያሉት የጎማ ማኅተሞች በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ደርቀው ይሆናል። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ማኅተም ቢደርቅ ዘይት ያንጠባጥባል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም፤ ባለ ሁለት ምት ላይ ግን የኮሎው ክፍል ራሱ ድብልቁን የሚስብና የሚገፋ ፓምፕ ስለሆነ፣ በደረቀ ማኅተም በኩል አየር ከገባ ድብልቁ ይሳሳና እንደ መምህር ይነክስብሃል። በማርሽ ሳጥኑ በኩል ያለው ከደረቀ ደግሞ የማርሹን ዘይት እየጠጣች ነጭ ጭስ ታወጣለች። ሁለቱም ቢቀየሩ ይሻላል።

ፓምፗ በቦታዋ ካለች አሮጌውን ዘይት አስወጣና በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይቀር አድርግ። ፓምፗ በእርግጥ እየሠራች መሆኑን እስክታውቅ ድረስ፣ በመጀመሪያው ታንከር ቤንዚኑ ውስጥም ዘይት ጨምር። ለአንድ ቀን ብታጨስ ንጹሕ አየር ይቅር ይሉናል።

የገንደ ጋራ ልጅ፦

አዲሱ ባለቤት፣ ዘይት ከጨመርክ በኋላ መናጥዋን እንዳትረሳ። ካንዴላዋንም ከቡና ምጣድ አርቀህ አጽዳ፤ ይህን የምነግርህ በእናቴ ስም ነው።

አዲሱ ባለቤት፦

ካንዴላ እንዳሉት አደረግሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጎማውን ስነቀንቅ መጀመሪያ ጣት የማትሞላ ያህል ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ አንድ ነገር እንደ መሰበር «ቃ» አለና ልቤ ቀጥ አለ። የተሰበረ ነገር ግን አልነበረም፤ ዙሩን ጨርሳ በካንዴላው ቀዳዳ ቡናማ ውኃ መሳይ ነገር ተፋች፤ ሸሚዜም እሱን ጠጣ። አሁን በነፃነት ትዞራለች። የክዳኑን ብሎኖች ፈትቼ ካርቡራተሩንም አገኘሁት፤ በውስጡ የደረቀ ቤንዚን እንደ ማር ተጋግሮ ነበር። የዘይት ፓምፗ ግን የለችም። ቀዳዳው በተቆረጠ አልሙኒየምና በሁለት ብሎን ተደፍኗል፤ አጎቴም አንድ ሰው እንዲያ አድርጎ የሸጠለት ይመስለኛል። አሁን አንድ ለ25 ልጀምር ወይስ ለዛሬው ዘይት ሌላ መጠን ይሻላል?

ካንዴላ፦

በነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የዛሬው የቱ ቲ (ለባለ ሁለት ምት የሚሆን) ዘይት ከቀድሞው የተሻለ ነው። ማኅተሞቹን ከቀየርክ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ታንከሮች አንድ ለ25፣ ከዚያ አንድ ለ33፤ ማለት ለአንድ ሊትር 30 ሲሲ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅተሞቹን ይዘህ ና፤ አድራሻውን በውስጥ መልእክት እጽፍልሃለሁ። መለኪያ የለኝም፤ የነበረኝን ልጆቹ ሰብረውታል።

የወንጂው መምህር፦

ያን ድፍን ላየው እፈልጋለሁ፤ የእኔዋ በግራ በኩል ያለው ብሎን ራሱ ተበልቶ ስለነበር መካኒኩ በፋይል አራት ማዕዘን አድርጎት ነበር። ምናልባት ሌላ ሞተር ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ፓምፕ ያልተደፈነበት ኤ 100 በናዝሬት ጥቂት ነበር። ቢሆንም ቅዳሜ እመጣለሁ። ስለ መለኪያው አታስቡ፤ ጡጦው እስከ ዛሬ እቤት አለ፤ ቁጥሮቹም ይነበባሉ።